መጠጥ ቤትና የኤች አይ ቪ ተጋላጭነት፦ አስቀድሞ መወሰን፣ ካመለጠም በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም መድረስ

የኤች አይ ቪ ስርጭት በሀገራችን በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል ቫይረሱ በደማቸው የተገኘው 0.9 በመቶ ናቸው። ይህ መጠን በገጠር 0.4 በመቶ ሲሆን በከተማ ግን 2.9 በመቶ ነበር። በመከላከል ሥራው ቅድሚያ ትኩረት ከሚሰጣቸው የኅብረተሰብ ክፍሎች መካከል በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች፣ የረጅም ርቀት አሽከርካሪዎች እንዲሁም በሰፋፊ እርሻዎችና በግንባታ ቦታዎች የሚሠሩ ተንቀሳቃሽ ሠራተኞች ይገኙበታል። እነዚህ ወገኖች ከቤትና ከቤተሰብ ርቀው ከሚገናኙባቸው የጋራ ስፍራዎች አንዱ መጠጥ ቤት ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ጠላ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ አረቄ ቤት፣ ግሮሰሪ፣ ባርና የምሽት ክበብ ለሚያዘወትሩ፣ በእነዚሁ ቤቶች ለሚሠሩ እና ለቤተሰቦቻቸው ነው። ዓላማው ማንንም መውቀስ አይደለም። ዋና መልእክቱ የሚከተለው ነው፦ ስለ ኤች አይ ቪ ያለን ዕውቀት ከመጠጥ በፊትና ከመጠጥ በኋላ እኩል አያገለግለንም። ስለዚህ የጥንቃቄ ውሳኔ ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት መወሰን ይኖርበታል። ይህ ሳይሆን ቢቀር ደግሞ ነገሩ አብቅቶለታል ማለት አይደለም። እስከ 72 ሰዓት ድረስ የሚሰጥ የመከላከያ አገልግሎት አለ።

ተጋላጭነቱ ከየት ይመጣል?

በቅድሚያ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ ማረም ያስፈልጋል። ኤች አይ ቪ በአንድ ብርሌ ወይም ሽክና በመጠጣት፣ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ ወይም በመጠጥ ቤት መጸዳጃ በመጠቀም አይተላለፍም። ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው ጥንቃቄ በጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በተበከለ ደምና ስለታማ መሣሪያ እንዲሁም በእርግዝና፣ በወሊድና ጡት በማጥባት ወቅት ከእናት ወደ ልጅ ነው። ስለሆነም ከመጠጥ ቤት ጋር የተያያዘው ተጋላጭነት የሚመጣው ከቦታው ሳይሆን በቦታው ከሚወሰኑ ወይም ሳይወሰኑ ከሚቀሩ ውሳኔዎች ነው።

አልኮል በመጀመሪያ የሚያዳክመው የማመዛዘን ችሎታን ነው። የጠጣ ሰው የአሁኑን ስሜት አጉልቶ፣ የነገውን ጉዳት ደግሞ አሳንሶ ያያል። በቀን «ያለ ኮንዶም አልፈጽምም» ያለ ሰው ማታ ላይ ይህንኑ አቋሙን ሳይረሳው ሊተወው ይችላል። ዕውቀቱ በአእምሮው አለ፤ ዕውቀቱን ወደ ተግባር የሚለውጠው አቅም ግን ተዳክሟል። በሙከራ የተደገፉ ጥናቶችም በደም ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን ሲጨምር ያለ ጥንቃቄ ግንኙነት ለመፈጸም ያለው ዝንባሌ እንደሚጨምር አሳይተዋል።

ስካር ኮንዶም በሚጠቀሙ ሰዎች ላይም ችግር ይፈጥራል። ኮንዶሙን በጥርስ መቅደድ፣ ግንኙነቱ ከተጀመረ በኋላ ዘግይቶ ማጥለቅ፣ ከማብቃቱ በፊት ማውለቅ፣ የተቀደደ ወይም የወለቀ መሆኑን አለማስተዋል ከመጠጥ በኋላ የሚበዙ ስሕተቶች ናቸው። «ኮንዶም ነበረ» ማለትና «ኮንዶም በትክክል አገልግሏል» ማለት አንድ አይደሉም።

የሚከተሉትን ሦስት ነጥቦችም ልብ ማለት ይገባል።

1. በቤት የሚጠመቁና የሚወጡ መጠጦች የአልኮል መጠናቸው በላያቸው አይጻፍም። የጠላም ሆነ የጠጅ ጥንካሬ ከቤት ቤትና ከጥንስስ ጥንስስ ይለያያል፤ አረቄ ደግሞ በትንሽ መለኪያ ብዙ አልኮል የሚይዝ መጠጥ ነው። ስለዚህ በብርሌ ወይም በመለኪያ ቁጥር ብቻ የራስን ሁኔታ መገመት ያሳስታል።

2. ከጫት በኋላ ምርቃናን ለማብረድ መጠጣት፣ በተለምዶ «ጨብሲ» የሚባለው፣ የጫቱ ንቃት ስካሩን ሊሸፍነው ስለሚችል ሰው ከሚያስበው በላይ እንዲጠጣ ያደርጋል።

3. ቡና መጠጣት ወይም በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ አልኮልን ከደም አያስወጣም። ጉበት አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ነው፤ ለአንድ ጠርሙስ ቢራ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅበት ይችላል። «አሁን ነቅቻለሁ» የሚለው ስሜት ከትክክለኛው ሁኔታ ቀድሞ ይመጣል።

መተዋወቅ መመርመር አይደለም

በመጠጥ ቤት አካባቢ የሚፈጠሩ ግንኙነቶች አንድ የተለመደ ሂደት አላቸው። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ሁለቱም ወገኖች ይጠነቀቃሉ፤ ኮንዶም ይጠቀማሉ። ደንበኝነቱ እየጠነከረ፣ ስም መጠራራትና መተሳሰብ ሲመጣ ግን ኮንዶም የጥርጣሬ ምልክት ተደርጎ መታየት ይጀምራል። ሳይነጋገሩበትም ይቀራል። በዚህ መካከል የተለወጠው ስሜቱ እንጂ የሁለቱ የጤና ሁኔታ አይደለም፤ ማንኛቸውም አልተመረመሩም።

ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰው ለበርካታ ዓመታት ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። በመልክ፣ በአለባበስ፣ በወዝ ወይም በጨዋታ አዋቂነት የአንድን ሰው የጤና ሁኔታ መለየት አይቻልም። ኮንዶምን ለመተው የሚያበቃው ሁለቱም ወገኖች አብረው ተመርምረው ውጤታቸውን ሲያውቁና አንዱ ለሌላው ሲወሰን ነው።

በመጠጥ ግብዣ ዙሪያ ያለው ልማድም ግልጽ መሆን ይኖርበታል። መጠጥ የጋበዘ ሰው በተጋባዡ አካል ላይ መብት አያገኝም። ራስን መቆጣጠር እስከሚያቅት ድረስ የሰከረ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ፈቃዱን ሊሰጥ አይችልም። በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ ላይ ካለ ሰው ጋር ግብረ ሥጋ መፈጸም በወንጀል የሚያስጠይቅ ድርጊት ነው። በመጠጥ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰውም ከደንበኛ ጋር አብሮ የመጠጣትም ሆነ አብሮ የመሄድ ግዴታ የለበትም።

ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት

አልኮል የሚያዳክመው ውሳኔን በመሆኑ ውጤታማው ጥንቃቄ በዚያች ሰዓት ብዙ ውሳኔ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ ከቤት ከመውጣትዎ በፊት የሚከተሉትን ያከናውኑ።

• ኮንዶም አስቀድመው ይያዙ። ኮንዶም በመድኃኒት መደብሮች፣ በሱቆችና በጤና ተቋማት ይገኛል። «እዚያው አገኛለሁ» ብሎ መሄድ ጥንቃቄውን ለዕድል መተው ነው። የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ይመልከቱ። ለረጅም ጊዜ በኪስ ቦርሳ ወይም ሙቀት ባለበት የመኪና ውስጥ የቆየ ኮንዶም በቀላሉ ሊቀደድ ይችላል። ቫዝሊን፣ ቅባትና ዘይት የላቴክስ ኮንዶምን ስለሚጎዱ ከውኃ የተዘጋጀ ማለስለሻ ብቻ ይጠቀሙ።

• ምን ያህል እንደሚጠጡና በስንት ሰዓት እንደሚወጡ ቀድመው ይወስኑ። ለመጠጥ ያሰቡትን ገንዘብ ብቻ መያዝ ለብዙዎች የሚረዳ ቀላል ዘዴ ነው።

• ምግብ ይብሉ፤ በመጠጦች መካከልም ውኃ ይጠጡ። ባዶ ሆድ የተጠጣ አልኮል ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል።

• አብረው የሄዱት አብረው ይመለሱ። ከጓደኞች መካከል አንዱ ሳይጠጣ ወይም ጥቂት ጠጥቶ ሌሎቹን የሚያሳፍር ይሁን። የሰከረ ጓደኛን «ተዉት፣ የራሱ ጉዳይ ነው» ብሎ ጥሎ መሄድ ጓደኛን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

• ፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመውጣትዎ በፊት ይውሰዱ ወይም ይዘውት ይሂዱ።

ካመለጠ፦ 72 ሰዓት

ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት ተፈጽሞ ከሆነ፣ ኮንዶም ተቀዶ ወይም ወልቆ ከሆነ፣ ወይም የሆነውን በትክክል ማስታወስ ካልተቻለ ጊዜ ሳያባክኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ድኅረ ተጋላጭነት መከላከያ መድኃኒት፣ በአጭሩ ፔፕ የሚባለው፣ ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ሥር ከመስደዱ በፊት ለመግታት የሚሰጥ ነው። መድኃኒቱ መጀመር ያለበት ተጋላጭነቱ ከተፈጠረበት ጊዜ አንሥቶ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። በቶሎ በተጀመረ መጠንም ይበልጥ ይከላከላል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ ግን አይሰጥም።

ጊዜውን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ቅዳሜ ከምሽቱ 5 ሰዓት የተፈጠረ ተጋላጭነት 72 ሰዓቱ የሚሞላው ማክሰኞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። እሑድን በመጨነቅ፣ ሰኞን በሥራ፣ ማክሰኞን ደግሞ በማመንታት ያሳለፈ ሰው ዕድሉን ያጣል። የሳምንቱን የሥራ ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍል በእሑድም በበዓልም ክፍት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው በዚህ ሰዓት ነው።

በጤና ተቋሙ የሚከናወነው የሚከተለው ነው።

1. ባለሙያው ምን እንደተፈጠረና መቼ እንደተፈጠረ ይጠይቃል። የማያስታውሱትን «አላስታውስም» ብሎ መናገር በቂ ነው። ጠጥተው የነበረ መሆኑ አገልግሎት አያስከለክልዎትም።

2. የኤች አይ ቪ ምርመራ ይደረጋል። ቫይረሱ አስቀድሞ በደም ውስጥ ከነበረ ፔፕ አያገለግልም፤ በምትኩ ሕክምና ይጀመራል።

3. ባለሙያው የተጋላጭነቱን ዓይነት መዝኖ ፔፕ የሚያስፈልግ መሆኑን ይወስናል። የሚያስፈልግ ከሆነ መድኃኒቱ ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ጥቂት ቀን ወስዶ ማቆም መከላከያውን ያሳጣል። የማቅለሽለሽ ወይም ሌላ ስሜት ከተፈጠረ ራስ በራስ ከማቋረጥ ይልቅ ባለሙያውን ማማከር ይገባል።

4. የአባላዘር በሽታዎች ምርመራና ሕክምና ይሰጣል። እርግዝና የሚያሰጋ ከሆነ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህም በቶሎ ሲወሰድ የተሻለ ይሠራል።

5. የክትትል ቀጠሮ ተይዞ የኤች አይ ቪ ምርመራው ከጊዜ በኋላ ይደገማል።

የተፈጸመው ከፈቃድ ውጪ ከሆነ፣ ሰውነትን ከመታጠብና ልብስን ከማጠብ በፊት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ለማስረጃ ይጠቅማል። በአዲስ አበባ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍንና የሕግ አገልግሎትን በአንድ ቦታ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ። ሕክምናውን ለማግኘት አስቀድሞ ለፖሊስ ማመልከት መጠበቅ የለበትም፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

72 ሰዓቱ ካለፈስ?

ይህ ጊዜ ያለፈበት ሰው የሚያስፈልገው ምርመራ ነው። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በምርመራ እስኪታይ ድረስ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ በማግስቱ ተመርምሮ «ነጻ ነኝ» ማለት አይቻልም። አሁን የሚደረገው ምርመራ ከዚያ ቀን በፊት የነበረውን ሁኔታ ያሳያል፤ የዚያን ቀን ተጋላጭነት ውጤት በእርግጠኝነት ለማወቅ ከ3 ወር በኋላ ምርመራውን መድገም ያስፈልጋል። በዚህ መካከል ኮንዶም መጠቀም የትዳር አጋርንም ይጠብቃል።

ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ ለሚቸገሩ ሰዎች ራስን በራስ የመመርመሪያ መሣሪያ በተመረጡ ጤና ተቋማት አማካይነት ይቀርባል። በዚህ መሣሪያ ቫይረሱ መኖሩን የሚያመለክት ውጤት ከተገኘ የመጨረሻ ውጤት ተደርጎ አይወሰድም፤ በጤና ተቋም መረጋገጥ አለበት።

ተጋላጭነቱ በተደጋጋሚ የሚፈጠር ከሆነ

ከአንድ ጊዜ አጋጣሚ ይልቅ በተደጋጋሚ ለኤች አይ ቪ ለሚጋለጡ ሰዎች ከግንኙነት በፊት የሚወሰድ መከላከያ አለ። ይህም ቅድመ ተጋላጭነት መከላከያ መድኃኒት፣ በአጭሩ ፕረፕ፣ ይባላል። በሀገራችን በቅድሚያ ተጠቃሚ የሆኑት በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶችና የትዳር አጋራቸው ቫይረሱ በደሙ ያለ፣ እነርሱ ግን ነጻ የሆኑ ሰዎች ናቸው። መድኃኒቱ የሚጀመረው ከኤች አይ ቪ ነጻ መሆን በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ለሌሎች የአባላዘር በሽታዎችና ለእርግዝና መከላከያ ስላልሆነ ኮንዶምን አይተካም።

የፕረፕ ጠቀሜታ ከዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክት ጋር የተያያዘ ነው። ውሳኔው በቀን፣ በረጋ አእምሮ ተወስኖ ያደረ በመሆኑ ማታ በሚፈጠር ሁኔታ ወይም በሌላ ሰው ፈቃደኝነት ላይ አይመሠረትም። በየዕለቱ በታዘዘው መሠረት ካልተወሰደ ግን መከላከል አይችልም።

በሕክምና ላይ ላሉ ወገኖች

በሀገራችን የፀረ-ኤች አይ ቪ ሕክምና ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ደርሶ በዚያው የጸና ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ሕክምናው የራስን ሕይወት ከመጠበቅ አልፎ ለትዳር አጋርም ጥበቃ ነው።

በብዙዎች ዘንድ የሚታየው አሳሳቢ ልማድ «ዛሬ ስለምጠጣ መድኃኒቱን ልዝለለው» የሚለው ነው። መጠጥና መድኃኒት እንዳይገናኙ ተብሎ የሚደረገው ይህ ጥንቃቄ ራሱ ጉዳት ያመጣል። መጠጣት የዕለቱን መድኃኒት ለመዝለል ምክንያት አይሆንም። መድኃኒቱ በተደጋጋሚ ሲዘለል ቫይረሱ እንደገና ይባዛል፤ መድኃኒቱን የመላመድ ዕድሉም ይጨምራል። የተዘለለ መጠን ሲታወስ ወዲያውኑ መውሰድ ይገባል፤ ቀጣዩ የመውሰጃ ሰዓት ከተቃረበ ግን በመደበኛው ሰዓት አንዱን ብቻ እንጂ ሁለት በአንድ ጊዜ መውሰድ አይገባም።

ይህ ሲባል አልኮል ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። አዘውትሮ መጠጣት ጉበትን ይጎዳል፤ የመድኃኒት ሰዓትና የሐኪም ቀጠሮ ያስረሳል። በተለይ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሆነውን አይሶናያዚድ የሚወስዱ ወይም የጉበት በሽታ ያለባቸው ሰዎች አልኮል ከባድ የጉበት ጉዳት ሊያስከትልባቸው ስለሚችል የሚጠጡትን መጠን ሳይደብቁ ለሐኪማቸው ሊነግሩ ይገባል። ሐኪሙ የሚጠይቀው ለመገሠጽ ሳይሆን ትክክለኛውን ሕክምና ለመምረጥ ነው።

የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ኃላፊነት

ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ባለቤቶች ኮንዶም ደንበኛ ሳይጠይቅና ሳያፍር በሚያገኝበት ቦታ ቢያስቀምጡ፣ ሠራተኞቻቸው ለምርመራና ለክትትል ቀጠሮ እንዲሄዱ ፈቃድ ቢሰጡ፣ በጣም ለሰከረ ሰው መጠጥ ከመጨመር ይልቅ ውኃ አቅርበው በሰላም ወደ ቤቱ የሚደርስበትን መንገድ ቢያመቻቹ የብዙ ሰዎችን ሕይወት ይጠብቃሉ። ሠራተኛን ከደንበኛ ጋር እንድትጠጣ ወይም እንድትሄድ ማስገደድ ተቀባይነት የለውም።

መጠጡ ከቁጥጥር ሲወጣ

መጠኑን ለመቀነስ ሞክሮ ያልተሳካለት፣ ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም የምሽቱን ድርጊት በተደጋጋሚ የማያስታውስ ሰው ሕክምና ያስፈልገዋል። የአልኮል ሱስ የሚታከም ሕመም ነው። ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በራሱ ውሳኔ በአንድ ጊዜ ቢያቆም ከባድ የጤና ቀውስ ሊደርስበት ስለሚችል በባለሙያ ክትትል ማቆም ይኖርበታል። በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የአእምሮ ጤና አገልግሎት መጠየቅ ይቻላል፤ አስፈላጊ ሲሆንም እንደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወዳሉ ተቋማት ሪፈር ይጻፋል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

የኤች አይ ቪ ምክርና ምርመራ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ይሰጣል። የምርመራ ውጤት የተመርማሪው ምስጢር ነው፤ ባለሙያው ያለ ተመርማሪው ፈቃድ ለአሠሪ፣ ለጎረቤት ወይም ለቤተሰብ አይገልጽም። በሚኖሩበት አካባቢ መታየት ካልፈለጉ ወደ ሌላ ጤና ተቋም ሄደው መገልገል ይችላሉ። ለተጨማሪ መረጃና ምክር በነጻ የስልክ መስመር 952 ይደውሉ።

ባለፉት 3 ቀናት ውስጥ ለኤች አይ ቪ የሚያጋልጥ ሁኔታ አጋጥሞዎት ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ተቋም ይሂዱ። 72 ሰዓቱ አልፎ ከሆነም ይመርመሩ፤ ከ3 ወር በኋላም ይድገሙ።